የቅጥር ደብዳቤን መመርመር፦ የጤና ባለሙያው ደመወዝ፣ ሰዓትና ግዴታ

የጤና ባለሙያ ስለ ደመወዝ በግልጽ ሲነጋገር እንደ ነውር የሚቆጠርበት ልማድ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ሰፍኖ ቆይቷል። ሥራው ነፍስ የማዳን ሥራ በመሆኑ ገንዘብን ማንሳት የሙያውን ክብር ዝቅ የሚያደርግ ይመስላል። ይሁንና ጉዳዩ በአደባባይ ስላልተነሳ አልጠፋም። በሻይ ሰዓትና በተረኛ ማረፊያ ክፍል ዘወትር የሚወራው የዘገየ የዲዩቲ ክፍያ፣ የቆመ የደረጃ ዕድገት ወይም ከአንድ የግል ሆስፒታል የመጣ የሥራ ዕድል ነው። በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ደግሞ በሹክሹክታ ይወሰናል። ባለሙያው የባልደረባውን ወሬና በቅጥር ደብዳቤው ላይ የሰፈረውን አንድ ቁጥር ይዞ የዓመታት ሕይወቱን የሚቀይር ውሳኔ ላይ ይደርሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኛው መሥሪያ ቤት ይሻላል የሚለውን መወሰን አይደለም። ለጤና ባለሙያው የሚቀርብለት የቅጥር ደብዳቤ ምን እንደያዘና ምን እንደማይናገር፣ ሕጉ ምን እንደሚፈቅድና የትኛው መብት በዝምታ ምክንያት እንደሚታለፍ ማስረዳት ነው።

የችግሩ አመጣጥ

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቁጥርና የቅበላ መጠናቸው በፍጥነት ጨምሯል። የሐኪም እጥረት ለዘመናት በኖረባት አገር ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። የተመራቂው ቁጥር ያደገውን ያህል ግን የሆስፒታሎች በጀት፣ የሥራ መደቦችና የደመወዝ እርከኖች አላደጉም። በመሆኑም በአንድ በኩል ሐኪም ያጣ የወረዳ ሆስፒታል፣ በሌላ በኩል ምደባ የሚጠብቅ ተመራቂ ጎን ለጎን የታዩበት ጊዜ መጣ። በ2011 ዓ.ም. በተለያዩ ከተሞች ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች የክፍያና የሥራ ሁኔታ ጥያቄዎችን በአደባባይ አሰምተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የቋሚ ደመወዝተኛው የመግዛት አቅም ይበልጥ ተዳከመ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች በተለያዩ ቦታዎች በከፊል ሥራ ያቆሙ ሲሆን በርካታ ባለሙያዎችም ታስረው ነበር። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሆስፒታሎችን፣ ክሊኒኮችንና መድኃኒት ቤቶችን እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ከሚሰጡ ድርጅቶች መካከል ስለሚመድባቸው በእነዚህ ቦታዎች የሥራ ማቆም እርምጃ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ባለሙያ እጅ የሚቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ መደራደር፣ በሥርዓቱ ቅሬታ ማቅረብ ወይም ሥራ መቀየር። ሦስቱም መረጃን ይጠይቃሉ።

ቁጥሩ ሲመረመር

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ አሃዞቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። በአንድ የወረዳ ሆስፒታል የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም 16,000 ብር ደመወዝና በወር በአማካይ 6,000 ብር የዲዩቲ ክፍያ ያገኛል እንበል። መኖሪያው የሆስፒታሉ ቤት ነው። በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል «ዲዩቲን ጨምሮ 32,000 ብር» የሚል የቅጥር ደብዳቤ ላከለት። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚያየው ከ16,000 ወደ 32,000 የሚደረገውን ዝላይ፣ ማለትም የደመወዙን እጥፍ መሆን ነው።

ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከመቀጠር ከሚገኝ ወርኃዊ ገቢ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ምጣኔው ከ15 በመቶ ተነስቶ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። በከፍተኛው እርከን ላይ ላለ ሠራተኛ አጭሩ ስሌት ጠቅላላ ገቢውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ ነው። ከዚህ ሌላ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ያዋጣል።

በነባሩ ሥራ የሐኪሙ ጠቅላላ ገቢ 22,000 ብር፣ ግብሩ 5,650 ብር፣ የጡረታ መዋጮው 1,120 ብር ሲሆን እጁ የሚገባው 15,230 ብር ነው። በአዲሱ ሥራ ከ32,000 ብር ላይ ግብሩ 9,150 ብር፣ የጡረታ መዋጮው 2,240 ብር ይሆንና እጁ የሚገባው 20,610 ብር ነው። እጥፍ የመሰለው ልዩነት 5,380 ብር ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ላይ በነባሩ ሥራ የማይከፍለው የአዲስ አበባ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ ሲቀነስ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ እያንዳንዱ ለራሱ ሊያሰላው ይችላል።

የደብዳቤው አጻጻፍም ልዩነት ያመጣል። አንዳንድ አሠሪዎች ያንኑ 32,000 ብር ግማሹን ደመወዝ፣ ግማሹን አበል አድርገው ያቀርቡታል። የጡረታ መዋጮ የሚታሰበው በደመወዙ ላይ ስለሆነ በዚህ አከፋፈል ሠራተኛው ለጊዜው እጁ የሚገባው ገንዘብ በመጠኑ ይጨምራል። ነገር ግን የወደፊት ጡረታውም ሆነ የአሠሪው 11 በመቶ መዋጮ የሚሰላው በአነስተኛው ደመወዝ ላይ ይሆናል። የተጣራ ክፍያ በቃል የተነገረው ባለሙያም ቢሆን ከመፈረሙ በፊት ጠቅላላውን፣ መሠረታዊ ደመወዙንና አበሉን ለይቶ በጽሑፍ እንዲያሳዩት መጠየቅ ይኖርበታል።

«ዲዩቲን ጨምሮ» ምን ማለት ነው?

ክፍያ ያለ ሰዓት ትርጉም የለውም። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት ለረጅም ዘመን በሳምንት 39 ሰዓት ሆኖ ሲሠራበት የቆየ ሲሆን፣ በግል ድርጅት ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል። በወር ሲታሰብ የመጀመሪያው 169፣ ሁለተኛው 208 ሰዓት ገደማ ነው። ሐኪሙ በሁለቱም ቦታ በሳምንት አንድ ጊዜ የ16 ሰዓት የሌሊት ተረኛነት፣ በወር አራት ጊዜ 64 ሰዓት ቢሠራ፣ በነባሩ ሥራ የ233 ሰዓት ዋጋው 15,230 ብር፣ በአዲሱ የ272 ሰዓት ዋጋው 20,610 ብር ይሆናል። ለአንድ ሰዓት ሲካፈል 65 ብርና 76 ብር ገደማ ነው። አዲሱ ሥራ አሁንም ይበልጣል፤ ብልጫው ግን በሰዓት ወደ አሥራ አንድ ብር የሚጠጋ እንጂ እጥፍ አይደለም።

ከዚህ በላይ ሊመረመር የሚገባው «ዲዩቲን ጨምሮ» የሚለው ሐረግ ነው። በአዋጁ መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራው በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። 32,000 ብር ለ208 ሰዓት ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋ 153 ብር ከ85 ሳንቲም ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተጀምሮ በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት የሚያበቃ አንድ የሌሊት ተረኛነት ስምንቱ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ስምንቱ በ1.75 ሲሰላ 4,000 ብር ይሆናል። በወር አራት ጊዜ ሲሆን 16,000 ብር ነው። በደብዳቤው ላይ ሁለት ቃል ብቻ የሆነው ሐረግ ከደመወዙ ግማሽ ጋር የሚተካከል ዋጋ ነበረው ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሥራውን ሰዓት ከአንድ ሳምንት በላይ በሆነ ጊዜ አከፋፍሎ ማሠራት ቢቻልም አማካዩ ከ48 ሰዓት ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ በሳምንት 48 ሰዓት አሠርቶ በላዩ የ16 ሰዓት ተረኛነት የሚጨምር ውል፣ ባለሙያው ቢስማማበት እንኳ፣ የሕጉን ወሰን ያለፈ ነው።

ገደቡ ለሠራተኛው ጥቅም ብቻ የወጣ እንዳልሆነ የጤና ባለሙያው ከማንም በላይ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሚሠሩ ተለማማጅ ሐኪሞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከ24 ሰዓት በላይ የሚዘልቁ ተረኛነቶች ባሉበት የተለመደ ፕሮግራም የሠሩት፣ አጭር ተረኛነት ከነበራቸው ይልቅ 36 በመቶ የሚበልጥ ከባድ የሕክምና ስህተት መፈጸማቸውን አሳይቷል። ውሉ ላይ በዝምታ የታለፈው ሰዓት በመጨረሻ በታካሚው አልጋ አጠገብ ይገኛል።

ያልተጻፈና ያልተጠየቀ መብት

ብዙ ባለሙያዎች የሚቀጠሩት በቃል ስምምነት ነው። አዋጁ የቃል ውልን ባይሽርም፣ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚገባው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ ይገባታል። እነዚህን «በኋላ እንነጋገርበታለን» የሚል አሠሪ ገና ከጅምሩ ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ተናግሯል።

ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው የይርጋ ጊዜ ነው። በአዋጁ መሠረት ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ወይም ሌላ ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለውን ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። የዲዩቲ ክፍያው ለስምንት ወር የዘገየበት ነርስ «አለቃዬን ላለማስቀየም» ብሎ ዝም ሲል፣ ከትዕግሥቱ ጋር የመጀመሪያዎቹን ወራት መብት ሊያጣ ይችላል።

በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚተዳደሩት በፌዴራል ወይም በየክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በመሆኑ ጊዜውና ሥርዓቱ ይለያል። መንገዱ በቅድሚያ ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ቀጥሎ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዚያም ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ማቅረብ ነው። በሁለቱም ዘርፍ ግን የሚያዋጣው ልማድ አንድ ነው፤ የተረኛነት ፕሮግራሙን ቅጂ መያዝ፣ የተሠራበትን ሰዓት በየዕለቱ መመዝገብ፣ ጥያቄውን ከቁጣ ይልቅ በአሃዝ፣ በተቻለ መጠንም ከባልደረቦች ጋር በአንድነት በጽሑፍ ማቅረብና የገቢ ቁጥር ማስያዝ። ቁጥር ያለው ደብዳቤ መልስ ባያገኝ እንኳ ማስረጃ ይሆናል።

ከመልቀቅ በፊት

ሥራ መልቀቅ መብት ነው፤ አለቃቀቁ ግን የሙያ ሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። በግል ድርጅት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊለቅ ይችላል። ያለ ማስጠንቀቂያ የሄደ ግን እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። በመንግሥት ዘርፍ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ የሚጠይቅ ሆኖ፣ በቀላሉ ሊተካ የማይችል ሠራተኛ መልቀቂያ እስከ ሦስት ወር ሊዘገይ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ የሚለውን ከሰው ሀብት ክፍል ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለስፔሻላይዜሽን ሥልጠና ወይም ለረጅም ጊዜ ትምህርት የአገልግሎት ግዴታ የፈረመ ባለሙያ ያንን ውል ከአዲሱ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይገባዋል። የግዴታው ቀሪ ዘመን፣ የሚመለሰው የገንዘብ መጠንና የዋሱ ኃላፊነት በውሉ ላይ ተጽፈዋል። ባለሙያው ከተማ ቀይሮ ሲሄድ ለሥልጠናው ዋስ ሆኖ የፈረመው ባልደረባ በዚያው ሆስፒታል ቀርቶ ለሚመጣው ክስ መልስ ሰጪ ይሆናል። አንድ ሰው በፊርማው ያመነውን ጓደኛ ሳያማክር የሚያደርገው ዝውውር በየትኛውም የደመወዝ ስሌት ውስጥ ያልገባ ዕዳ አለበት።

የታካሚው ጉዳይም አለ። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ አንድ ባለሙያ ብቻ ካለበት ሆስፒታል ያ ባለሙያ በአንድ ሌሊት ሲሄድ፣ በማግሥቱ በአስቸጋሪ ምጥ የምትመጣ እናት ወደ ሌላ ከተማ መላክዋ አይቀርም። ይህ ማለት ባለሙያው ለዘላለም ታስሮ ይቅር ማለት አይደለም፤ የአንድ ተቋም የሰው ኃይል እጥረት የአንድ ሰው ዕዳ ሊሆን አይገባም። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ግን ቀጠሮ ያላቸውን ታካሚዎች ለማስተላለፍ፣ ክትትል የሚሹትን በጽሑፍ ለማስረከብና ተተኪ ለማፈላለግ የሚያገለግል እንጂ የዓመት ፈቃድ መጨረሻ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በሌላ በኩል አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የሚከፈለውን ደመወዝ የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። መልቀቂያን እንደ ቅጣት መያዝ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ሁለት ቦታ መሥራት

ብዙዎች ከመልቀቅና ከመቅረት መካከል ያለውን መንገድ ይመርጣሉ፤ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ በግል ክሊኒክ። ለኑሮ ውድነቱ የተሰጠ መልስ በመሆኑ በጅምላ የሚወገዝ አይደለም። በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ከመደበኛው ጎን የተቋቋሙት የግል ሕክምና አገልግሎቶችም ባለሙያውን በዚያው ተቋም ለማቆየት ታስበው የተጀመሩ ናቸው።

መስመሩ የሚታለፈው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ከመደበኛው ሰዓት ተቀንሶ ለግል ሥራ ሲሰጥ ነው። ሁለተኛው በመንግሥት ሆስፒታል ተራ የሚጠብቅ ታካሚ ባለሙያው ወደሚሠራበት ክሊኒክ ሲመራ ነው። ሦስተኛው ሌሊቱን ያልተኛ ባለሙያ ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ነው። በሦስቱም ደመወዝ ያነሰው ባለሙያው ሲሆን የከፈለው ታካሚው ነው። ለአሠሪው ባለማሳወቅ የተያዘ ሁለተኛ ሥራም በዲሲፕሊን ሊያስጠይቅ ስለሚችል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይመረጣል።

ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ

ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአውሮፓ የሚመጡ የሥራ ዕድሎችም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ያጸደቀው የጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ምልመላ የአሠራር ደንብ፣ ስደተኛ ባለሙያዎች በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ በተቀባዩ አገር ከሠለጠኑት ጋር በእኩልነት እንዲታዩ ይጠይቃል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የባለሙያ እጥረት ካለባቸው 55 አገሮች መካከል ኢትዮጵያን የመዘገበ ሲሆን፣ እንግሊዝም ከእነዚህ አገሮች በንቃት መመልመልን በራሷ ደንብ ከልክላለች። ባለሙያው በራሱ ተነሳሽነት ማመልከት ይችላል። «ከእንግሊዝ ሆስፒታል ተልከን መጥተናል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ግን ገና ከበሩ ጥርጣሬን ሊያጭር ይገባል። የሙያ ፈቃድ ምዘና፣ የማስረጃ ማጣራት፣ የኪራይና የቤተሰብ ቪዛ ወጪ በማን እንደሚሸፈን በውሉ ካልተጻፈ፣ በዶላር የተነገረው ደመወዝ ገና ግማሹ ብቻ ነው የታወቀው።

የኃላፊዎች ድርሻ

ሸክሙ ሁሉ በግለሰቡ ላይ የሚጣል አይደለም። አንድ ሜዲካል ዳይሬክተር ወይም ሜትሮን የፌዴራሉን የደመወዝ እርከን መለወጥ አይችሉም። የዲዩቲ ክፍያ የሚዘገይበትን ምክንያትና የሚከፈልበትን ቀን በግልጽ ማሳወቅ፣ የተረኛነት ፕሮግራምን በእኩልነት ማደላደል፣ የሥልጠና ዕድል የሚሰጥበትን መስፈርት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ግን ይችላሉ። ብዙ ባለሙያ የሚለቀው በደመወዙ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የተነገረው ሳይፈጸምለትና የጠየቀው ሳይመለስለት ሲቀር ጭምር ነው።

በምሳሌው የተጠቀሰው ሐኪም በመጨረሻ አዲስ አበባ ሊሄድ ወይም በነባሩ ሆስፒታል ሊቀር ይችላል፤ ሁለቱም የተከበረ ምርጫ ነው። ከመፈረሙ በፊት ግን በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገሮችን ጽፎ ማየት ይጠቅመዋል፦ ከግብርና ከጡረታ በኋላ እጁ የሚገባውን ገንዘብ፣ ለዚያ ገንዘብ የሚሰጠውን ሰዓት፣ ቀደም ሲል የፈረማቸውን ግዴታዎችና በእጁ ያሉትን ታካሚዎች የሚረከበውን ሰው። ሕሙማንን ሳይመረምር የማያክም ባለሙያ የራሱንም ውል ሳይመረምር ሊፈርም አይገባም።